አርባ አንድ ደቂቃ በአየር

ቅዳሜ፣ 1

ይህን ደብተር የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አጎቴ፣ ሰው ላይ መቀለድህን ትተህ እስቲ ወረቀት ላይ ቀልድ» ብላ ጽፋበታለች። ሥራዋ መነጽር መሥራት ነው፤ እኔ ግን ጠበቃዬ ነው የምላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ክርክር የተረታችበትን ቀን አላስታውስም።

እሺ ጠበቃዬ፣ ጀመርኩ።

ለደብተሩ ራሴን ላስተዋውቅ። በአንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ መንገደኛ መዛኝ ነኝ። አውሮፕላናችን አሥራ ዘጠኝ ወንበር ብቻ ስላላት ሻንጣውንም ባለ ሻንጣውንም ሚዛን ላይ አወጣለሁ። ከዚያ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ ማን የት እንደሚቀመጥ ወረቀት ላይ እሞላለሁ። ዛሬ አንዲት ሞላ ያለች ወይዘሮ ሚዛኑ ላይ ቆማ «ስንት ሆንኩ?» አለችኝ። «እሱ ምስጢር ነው፤ ለአብራሪው ብቻ ነው የሚነገረው» አልኳት። ባሏ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እሷ ግን እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ድረስ ባሏን አላናገረችውም። ከጎኗ እንዳስቀመጥኩት ሲያውቅ ያየኝን አስተያየት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ ማዶ ለመድረስ ስንት ይፈጃል?» አፌን ሞልቼ እመልሳለሁ። በቀጥታ መስመር ሁለት መቶ አርባ አንድ ኪሎ ሜትር። ጎማ መሬት ከለቀቀበት ጎማ መሬት እስከነካበት አርባ አንድ ደቂቃ። የስድስት ዓመት የበረራ ወረቀት ሰብስቤ አማካዩን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በመኪና ግን ሐይቁን መዞር ስላለ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡሱ ደስ ካለው አሥራ ሦስት ሰዓት።

እህቴ የምትኖረው እዚያ ማዶ ነው። «አንቺ እኮ ከገበያው ይልቅ ትቀርቢኛለሽ» እላታለሁ። «እንግዲያው ናኣ!» ትለኛለች። ከዚያ ራሷ ትመጣለች። ሁሌም እሷ ናት የምትመጣው።

ሰኞ፣ 3

እህቴ ደወለች። «ወንድም ጋሼ፣ ሐኪሙ ጉበቴ ላይ የማይሆን ነገር አገኘሁ አለኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «እኔ ላይ ያፈሰስሽው ሐሞት ይሆናላ» አልኩ። አፌን ምን ያጣድፈዋል? ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆሞ መተንፈሷን ብቻ ሰማሁ።

«ክፉ ነው?»

«እሱ ክፉ ነው አላለኝም። ‹ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?› ብሎ ነው የጠየቀኝ።»

«አይዞሽ። እኔ አርባ አንድ ደቂቃ ነኝ። ስትጠሪኝ ከተፍ።»

«አውቃለሁ ወንድሜ» አለች። አባባሏ ቀስ ያለ ነበር። ደክሟት ነው።

ረቡዕ፣ 5

ጉም። በረራው እስከ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ሃያ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ በርሜል ማር፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን። መጻፊያ ጊዜ የለም። እህቴ ጋ አልደወልኩም።

ሐሙስ፣ 6

ዛሬ በረራ የለም። ቁጭ ብዬ እሷን ሳስብ ዋልኩ።

ሒሳብ አስተማሪ ናት። እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ በአራት ዓመት ታንሰኛለች እንጂ። አባታችን ሲሞት እኔ ትምህርቱን ትቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እሷ ቀጠለች። ክፍል ባለፈች ቁጥር ያለቁትን ደብተሮቿን ጠርዛ «እንካ፣ ይህን ዓመት ደግሞ አንተ ተማር» ትለኝ ነበር። ዱቄት በዱቄት ሆኜ ክፍልፋይ የተማርኩት ከእሷ ጽሕፈት ላይ ነው። ስህተቷ ሳይቀር የእኔ ስህተት ሆኗል፤ ሰባትን የምጽፈው እንደ እሷ አጥፌ ነው። ለሚዛን ሥራ ስወዳደር ከሰባት ባለ ዲፕሎማ ፈተናውን የበለጥኩት እኔ ነኝ። ውጤቱን ስነግራት ስልኩ ውስጥ እልል አለች።

መሄድ አለብኝ። ያለፈው ወር ሒሳብ ስላልተዘጋ ነው እንጂ።

ቅዳሜ፣ 8

የጣቢያ ኃላፊያችን ልጄ የምትሆን ሴት ናት፤ ግን ሥራ ታውቃለች። ጠዋት ጠራችኝና «ጋሼ፣ የዘንድሮው ነጻ ትኬትዎ አለ። ለምን ዛሬ ሄደው እህትዎን አያዩም?» አለችኝ።

«ማን ይመዝናል?»

«ደመና ይመዝናላ።»

ደመና የአየር ጠባይ ተመልካቻችን ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አሁን ደመወዝ ሲፈርም እንኳ በዚሁ ስም ይጠሩታል። «ደመና ሚዛን ላይ ከቆመ ሚዛኑ ዝናብ ይሆናል» ብዬ አሳቅኳትና ወጣሁ።

ደግሞ እውነት ነው፤ ሚዛኑ ሰሞኑን ሁለት ኪሎ ያዛባል። ሌላ ሰው አያውቅበትም። ሸሚዝም አላጠብኩም። ደግሞ ድንገት ብቅ ብል እህቴ ትደነግጣለች፤ ነገሩ የከፋ ይመስላታል።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ልወስድ ስል ኃላፊዋ ለደመና ስትነግረው ሰማሁ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ትኬት ይሰጠዋል። አንዱንም ራሱ አልተጠቀመበትም። መዝገቡን አየሁት፤ ሁሉንም ለሰው ነው የሰጠው።»

ደመና «ደግ ሰው ነዋ» አለ።

ሻዩን ሳልወስድ ተመለስኩ። ሰው ቢሰጥስ ምን አለበት?

ሰኞ፣ 10

የእህቴ ባል ደወለ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቃል እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚናገር ሰው። «ጋሼ፣ ምግብ እየተዋት ነው። ቀሚሶቿን ሁለቴ አጠበብኳቸው።»

«ልምጣ?»

«ኧረ ለእሱ አትቸገር። ሲብስባት እደውልልሃለሁ። ቅርብ አይደለህ?»

«አርባ አንድ ደቂቃ» አልኩት።

«እሷም ይህንኑ ነው የምትለው።»

ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ እንጃ። ሐሳቡን ማካፈሉ ይሆናል።

ረቡዕ፣ 12

ጉም። በረራው ተሰረዘ። መንገደኞቹን አንድ በአንድ እያሳሳቅኩ ወደ ቤታቸው ሸኘሁ። ዛሬ ልሄድ ቆርጬ ነበር። ሻንጣዬን አላዘጋጀሁም እንጂ በሐሳቤ ቆርጬ ነበር። ጉም ከሆነ ደግሞ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

ዓርብ፣ 14

ጠበቃዬ ደወለች።

«አጎቴ፣ ናልኝ።»

«ምነው፣ ዛሬ ክርክር የለም?»

«የለም። ናልኝ ብቻ። እማዬ ፊቷ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ስትተኛ ስምህን ትጠራለች።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«እውነትህን ነው?»

«ነገ በአራት ሰዓት ተኩል እዚያ ማዶ ነኝ።»

«ማልልኝ።»

«በእናትሽ» አልኩ። ሌላ መሐላ አጥቼ ነው?

ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ሸሚዝ፣ ፎጣ፣ ለእሷ አዲስ የሒሳብ ጨዋታ መጽሐፍ። ራሴን መዘንኩ፤ ሰባ አራት ኪሎ። ለራሴ ወንበር መረጥኩ፤ ከክንፉ ኋላ፣ በመስኮት ሳይሆን በመተላለፊያው በኩል። በወረቀቱ ላይ ስሜን ስጽፍ ደመና አይቶ «ኧረ ጉድ! ዛሬስ ዝናብ ሊጥል ነው» አለኝ። «ዝናቡ ያንተ ሥራ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ፣ 15

አልሄድኩም።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሁሉንም መዘንኩ፤ አሥራ ዘጠኙም ሞላ፤ አሥራ ዘጠነኛው እኔ ነኝ። ልንወጣ ስንል አንድ ወጣት እያለከለከ መጣ። ሚስቱ እዚያ ማዶ ምጥ ላይ ናት። ወንበር የለም ሲባል እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወንበሬን ሰጠሁት። ምን ላድርግ? ሰው አይደለሁም? ሮጦ ሲሄድ እጄን ሳመኝ። መንገደኞቹ አጨበጨቡ። ኃላፊዋ ብቻ አላጨበጨበችም።

ከዚያ በፊት ከመንገደኞቹ ጋር እስከ ደረጃው ሥር ሄጄ ነበር። አምስት ደረጃ ነው። የጫማዬን ክር ሁለቴ ፈትቼ አሰርኩ፤ ላልቶ ስለነበር ነው። ወጣቱ ሲጮህ የሰማሁት እዚያ ቆሜ ነው።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «ደግ አደረግህ ወንድም ጋሼ» አለች። «ልጁ አባት ሊሆን ነው። እኔ የትም አልሄድም።»

ከኋላዋ ጠበቃዬ «ስጪኝ፣ እኔ ላናግረው» ስትል ሰማሁ። እህቴ «ተይው!» አለቻት። በዚያ ደካማ ድምፅ እንዲህ ያለ ቁጣ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም።

እሑድ፣ 16

ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።

ለራሴ ቁጥር ደጋገምኩ። ሰው ከአውሮፕላን ይልቅ በመንገድ ላይ ብዙ እጥፍ ይሞታል። የእኛ አውሮፕላን በእኔ ዘመን አንድም ቀን አደጋ አልደረሰባትም። እያንዳንዱን ሻንጣ የመዘንኩት እኔ ነኝ። ወንበሩን ያደላደልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ በረራ። ይህን ሁሉ ሰው «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ብዬ ሸኝቻለሁ፤ የፈሩትን በቀልድ እያዋዛሁ እስከ ደረጃው አድርሻለሁ።

ምን ለማለት ፈልጌ ነው ይህን የጻፍኩት? አላውቅም።

ነገ ሰኞ ነው፤ በረራ አለ። ነገ።

ሰኞ፣ 17፣ ጠዋት

ጠበቃዬ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደወለች። «ዛሬውኑ። ሐኪሙ ዘመዶቿን ዛሬውኑ ጥሩ አለን።»

«ዛሬ እመጣለሁ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

ጉም። የውሃ ማማው አይታይም። ደመና ግን «እስከ ስድስት ሰዓት ይገፈፋል፤ ቁጭ በል፣ ትሄዳለህ» ይላል። የደመና ትንበያ ስንት ጊዜ ዋሽቶኛል። ባይገፈፍስ? ቀኑን ሙሉ ጠብቄ ባይገፈፍስ?

አውቶቡሱ በሁለት ሰዓት ተኩል ይወጣል። እርግጠኛ ነገር ይሻላል።

ኃላፊዋ «ጋሼ፣ እባክዎ ይጠብቁ። እኔ ራሴ ከጎንዎ ተቀምጬ እወስድዎታለሁ» አለችኝ። እጄን ይዛ ነው የተናገረችው። ለምን እንዲህ እንዳለችኝ እንጃ። ቸኩያለሁ፤ መሄዴ ነው።

ሰኞ፣ አውቶቡስ ውስጥ

አራት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ ወጣ። ጉሙ እየሳሳ ነው።

አምስት ሰዓት። ሰማዩ ሰማያዊ። ደመና ይህን ጊዜ እየሳቀብኝ ይሆናል።

ስድስት ሰዓት። ሐይቁ ዳር ደረስን። ስልኬ መስመር የለውም። በምን እንደምመጣ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሹፌሩ ጎማ ሊያይ አቆመ። «ቶሎ በል፣ ታማሚ ልጠይቅ ነው» አልኩት። «ታዲያ አባባ፣ ለታማሚ በአውሮፕላን አይሄዱም?» አለኝ። መንገደኞቹ ሳቁ። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

ስድስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት። አለፈች። አውሮፕላናችን በላያችን አለፈች። ሳላይ በድምፅዋ አወቅኳት። በስድስት ከአርባ ተነሥታ ነው፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ ታርፋለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው አባቴ፣ አሞዎት ነው?» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ 18

ደረስኩ። አልደረስኩም።

አውቶቡሱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገባ። በሩ ክፍት ነበር። ግቢው ሰው ሞልቷል። ልብስ ሰፊው አቀፈኝ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያረፈችው።

እጇን ያዝኩ። ጠመኔ የጠገበ እጅ ነበር። ቀዝቅዟል።

ሐሙስ፣ 20

ትናንት ቀበርናት። ተማሪዎቿ መንገዱን ሞሉት፤ ሽማግሌ የሆኑም አሉባቸው። ሰው ሁሉ ቀልደኛውን ወንድም እንድሆንለት ይጠብቃል። «ያ ተጫዋቹ አጎት እሱ ነው» እያሉ ያሳዩኛል። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ዋልኩ።

ጠበቃዬ አታናግረኝም። ሳህን ታቀርብልኛለች፣ ፎጣ ታቀብለኛለች፤ ፊቷን ግን ታዞራለች።

ዛሬ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ እንደተቀመጠ፣ የሚሰፋው ጨርቅ ሳይኖር ፔዳሉን እየረገጠ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ» አለኝ።

«የምን ጥፋት?»

«ባለፈው ሐሙስ ልጠራህ ነበር። ስልኩን አንሥቼ ነበር። ‹አስቀምጠው፤ እሱ አርባ አንድ ደቂቃ ነው፤ አሁን ከሥራው አታስነሣው› አለችኝ። እኔም እውነት ነው ብዬ አስቀመጥኩት። አሥራ ሦስት ሰዓት የሚፈጅብህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር የምጠራህ።»

ለሃያ ዓመት ያንን ቁጥር በዚህ ቤት የዘራሁት እኔ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚሠራ ቁጥር። ጉም የሚውጠው ቁጥር። አንድ ቀን እንኳ እኔው ራሴ ያልሄድኩበት ቁጥር። ጠረጴዛው ላይ ደርሰው የሚጠይቁኝን መንገደኞች አሳስቄ እንደምሸኝ፣ ወንድምና እህት በመካከላችን ያለውን ሐይቅና ተራራ በአንዲት ቀልድ አጠፋሁት። እነሱም አመኑኝ።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። ፔዳሉን መርገጡን አላቆመም።

ቅዳሜ፣ 22

ቤታቸው አውሮፕላኑ ከሚወርድበት መስመር ሥር ነው። ዛሬ ጠዋት ከጠበቃዬ ጋር ጓሮ ተቀምጠን፣ እሷ የእናቷን ልብሶች ስታጥፍ፣ አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ በላያችን አለፈች። ጠበቃዬ ልብሱን ጥላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ አምስት ቀን ሙሉ ዝም ያለችው ልጅ ተናገረች።

«ሰኞም እንዲሁ አለፈች። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ድምፁን ስትሰማ ገለጠችው። ‹መጣ› አለች። ‹ማነው የመጣው?› አልኳት። ‹ወንድሜ ነዋ። ዛሬ እመጣለሁ ብሎ የለ?› አለች።»

«አንቺስ?»

«እኔም አመንኩ። ሮጬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እስኪወርድ በሩ ላይ ቆምኩ። አብራሪዎቹ ሳይቀሩ ወረዱ፤ በሩ ተዘጋ።» አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «ተመልሼ ስገባ ትራሷን ከፍ አስደርጋ፣ ፀጉሯን አስበጥራ፣ በሩን እያየች አገኘኋት። ምን ልበላት አጎቴ? ‹መጥቷል እማ፤ ሻንጣው ዘግይቶበት ነው› አልኳት።»

የወደቀውን ልብስ ከመሬት አነሣሁ።

«ሳቀች እኮ! ስንት ቀን ያልሳቀች ሰው። ‹አየሽ ወንድሜን!› አለችኝ። ‹ልጆች ሆነን ኳስ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እኔን ነበር የሚያወጣኝ፤ እሱ ወንበር ላይ መቆም እንኳ አይችልም ነበር። ለእኔ ብሎ በሰማይ መጣ።› ከዚያ ለአባዬም ለእኔም ‹ሲገባ ስለ ፍርሃቱ አንዲት ቃል እንዳትናገሩት፤ ያፍራል› አለችን።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። እማዬ ናት አትንገሩት ያለችን። አንተ አርባ አንድ ደቂቃ ስትል እኛ ዞር ብለን እንስቅ ነበር፤ እሷ ትቆጣናለች። ግን ለእሷ ሲሆን ትበርራለህ ብለን ነበር።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነቅታ ነበር?»

«እስከ አሥር።»

አውሮፕላኗ ሰባት ከሃያ አንድ ላይ አረፈች። ከአየር ማረፊያው እዚህ ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ራሱ ተሠራ፤ እኔ አልፈለግሁትም። ከሁለት ሰዓት በላይ።

ጠበቃዬ አጠገቤ መጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቴን ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች። የምትከራከረኝ፣ የምትሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሱን ብታደርግልኝ ምን ነበረበት።

«አጎቴ፣ ይቅር በለኝ» አለችኝ። «በመጨረሻ ሰዓቷ ዋሸኋት።»